ላም አለኝ በሰማይ፦ የመጀመሪያ ግላይደርዎን ከመግዛትዎ በፊት

ሞተር የሌለው አውሮፕላን ለመግዛት የቆረጠ ሰው ምክር ይሰማል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ቢሆንም ሰው ገደል ሲገባ እያዩ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ፣ የመጀመሪያ ግላይደራቸውን፣ ያውም ያገለገለ፣ ለመግዛት ለሚያስቡ አንባቢያን ይህን ምክር በአክብሮት እናቀርባለን። ምክሩ ረዘም ይላል፤ ክንፉም 15 ሜትር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ የሚከፈለውም በፈረንጅ ገንዘብ ነው።

ከሁሉ አስቀድመው አንድ ነገር ይወቁ። በዚህ ግዢ ውስጥ የሚያሰጋው ሰው ሻጩ አይደለም። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ ወገቡን የሚያመው፣ አውሮፕላኑን ከልጆቹ ለይቶ የማያይ ጡረተኛ ነው፤ ከጠየቁት እውነቱን ይነግርዎታል። የሚያሰጉት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ነጩን ክንፍ ባዩ በአምስተኛው ደቂቃ ጆሮዎ ይደፈናል፤ በአሥረኛው ደቂቃ ደግሞ ሰውየው ያላለውን ሁሉ ብሎኛል ብለው ይምላሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምርመራ ሁሉ አውሮፕላኑን ለመፈተሽ ቢመስልም፣ ዋና ዓላማው እርስዎን ማዘግየት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ከሰማይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

ለቤተሰብ ስለማሳወቅ

ወሬውን ለእናትዎ በስልክ ሲነግሩ ቃላት ይምረጡ። "አውሮፕላን ልገዛ ነው" ብለው ከጀመሩ እልልታው ከሰፈር ሰፈር ይዳረሳል፤ በማግስቱም ሦስት የአክስት ልጆች ስለ ትኬት ይደውላሉ። "ሞተር ግን የለውም" ብለው ከቀጠሉ ረጅም ዝምታ ይሆናል፤ ከዝምታው በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ከወዲሁ እንንገርዎ፦ "ልጄ፣ ሞተሩን ማን ወሰደው?"

"ከመጀመሪያውም አልነበረውም፣ እማዬ" ብለው ነገሩን አያባብሱት። ረጋ ብለው ያስረዱ። ግላይደር በዊንች ገመድ ወይም በሌላ አውሮፕላን ተጎትቶ ይነሳል፤ ገመዱን ከለቀቀ በኋላ ሁልጊዜ ወደ ታች እየተንሸራተተ ነው። ነገር ግን ፀሐይ ያሞቀችው አየር እሱ ከሚወርድበት ፍጥነት በልጦ ሲወጣ ካገኘ፣ እዚያው እየዞረ አብሮ ይወጣል። ክንፉን ሳያርገበግብ ከቄራ በላይ የሚዞረውን ጥንብ አንሳ ያስታውሷቸው። ኮሊን ፔኒኩዊክ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ እንስሳት ተመራማሪም በ1970ዎቹ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ጥንብ አንሶችን በአየር ላይ የተከታተለው በግላይደር ነበር፤ የእሱ ግን አነስተኛ ሞተር ነበረው። እናትዎ "አየህ፣ እሱ እንኳ ሞተር አለው!" ወይም "አየሽ፣ እሱ እንኳ ሞተር አለው!" ማለታቸው ስለማይቀር፣ ይህን የመጨረሻውን ዝርዝር ቢዘሉት ይሻላል። "ታዲያ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው አይደል?" ካሉም አይከራከሩ። ወተቱን እንደሚያሳዩአቸው ቃል ግን አይግቡ።

ገበያው የት ነው፣ ዕቃውስ?

ለያገለገለ ግላይደር እንደ ጀርመን ያለ ገበያ የለም። መነሻው ክልከላ ነው። አንደኛውን የዓለም ጦርነት ያሸነፉት መንግሥታት በ1919 የቬርሳይ ውል ጀርመንን የጦር አውሮፕላን ሲከለክሏት፣ የሞተር አውሮፕላን ሥራዋንም ለጊዜው ሲያግዱባት፣ መብረር ያማራቸው ወጣቶቿ በ1920 ሞተር የሌላቸውን አውሮፕላኖች ተሸክመው ቫሰርኩፐ ወደሚባለው ተራራ ወጡ። ሞተር ተከለከለ እንጂ ነፋስ አልተከለከለም። ተራራው 950 ሜትር ነው፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ይህን ተራራ ብሎ መጥራት ከባድ ቢሆንም፣ የዓለም የግላይደር በረራ ያደገው እዚያ ነው። ከሥሩ ፖፐንሃውዘን በምትባል መንደር አሌክሳንደር ሽላይኸር በ1927 የከፈተው ፋብሪካ ዛሬም ግላይደር ያመርታል። ቦታው ከፍራንክፈርት በስተሰሜን ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ፍራንክፈርት ለሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህ ቅርበት በረከት ይሁን ፈተና፣ የባንክ ሒሳባቸው ይመስክር።

ሦስት ዓይነት ዕቃ ይቀርብልዎታል፤ እንጨት፣ አሉሚኒየምና ፋይበር ግላስ።

እንጨቱ ርካሽ ነው። ካ 6 በ1955፣ ካ 8 በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረሩ ሲሆን ሁለቱንም የነደፋቸው ሩዶልፍ ካይዘር ነው። ጥቂት ሺህ ዩሮ ይዞ የወጣ ሰው ካ 8 እየጎተተ ሊመለስ ይችላል። ወዳጆቻቸው "እንጨት አይደክምም" ይላሉ። ልክ ናቸው፤ የሚደክመው ማጣበቂያው ነው። በዚያ ዘመን ብዙ የጀርመን ግላይደሮች ካውሪት በሚባል ማጣበቂያ ይገጠሙ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለዓመታት እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁበት ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ከጨርቅና ከቀለም በታች ስላለ ለዓይን አይገለጥም። ስለዚህ የእንጨት ግላይደር ፊት ሲቆሙ "እንዴት ያምራል!" የሚለውን ቃል ዋጥ ያድርጉና በመመርመሪያው ቀዳዳ ትንሽ መስተዋትና የእጅ ባትሪ አስገብተው መጋጠሚያዎቹን ይዩ። ሲነካ የሚፈረፈር ነገር ካገኙ አቧራ ነው ብለው ራስዎን አያጽናኑ።

አሉሚኒየሙ ትምህርት ነው። ቼኮዝሎቫኪያ ያመረተችው ብላኒክ ኤል-13 ከ2600 በላይ ተሠርቶ በየአገሩ ተማሪዎችን ሲያስበርር የኖረ፣ ሥራ የማይጠላ ባለሁለት መቀመጫ ነበር። በጁን 2010 ኦስትሪያ ውስጥ የአንዱ ክንፍ በአየር ላይ ተሰበረና ሁለት ሰዎች ሞቱ። ስብራቱ ብረቱ ለዓመታት ከተሸከመው ጫና ድካም የመጣ መሆኑ ሲታይ፣ የአውሮፓ አቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ የዚህን ዓይነት አውሮፕላን በሙሉ ከበረራ አገደ። ያን ሰሞን ምንም ያልሆነ ብላኒክ የነበረው ሰው ሁሉ ከአንድ ደብዳቤ በኋላ የማይበርር ንብረት ታቀፈ። ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ግላይደር ሲገዙ የወንድሞቹንም ጠባይ አብረው እንደሚገዙ ነው። በዚያ ዓይነት ላይ የወጡትን የደኅንነት ማዘዣዎች ዝርዝር ሳያነቡ ኪስዎን አይዳብሱ።

ፋይበር ግላሱ ጌታ ነው። የመጀመሪያው፣ ፊኒክስ የተባለው፣ በ1957 ሽቱትጋርት ላይ ከተሠራ ወዲህ እንጨቱን ከውድድር አስወጥቶታል። ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ኤልኤስ 4 ነው። ከ1980 ጀምሮ ከፍራንክፈርት አጠገብ ኤገልስባኽ ውስጥ የተሠራ፣ ከ1000 በላይ ወንድሞች ያሉት፣ ጠባየ ሸጋ አውሮፕላን ነው። ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ ተነስቶ 40 ኪሎ ሜትር ይንሸራተታል ይባላል፤ አየሩ ካልወረደበት፣ ክንፉ ላይ ትንኝ ካልተለጠፈበትና አብራሪው እርስዎ ካልሆኑ። ዋጋው ደህና ከሚባል ያገለገለ መኪና ጋር ይቀራረባል። ይህን ለትዳር ጓደኛዎ ሲያስረዱ "ከመኪና አይበልጥም" ማለቱ ያዋጣል፤ መኪናው እንደማይቀርና እንዲያውም ጠንከር ባለ መኪና መተካት እንዳለበት ግን ቀስ ብሎ ይነገራል። አውሮፕላኑ ተፈታቶ የሚጫንበትን ተሳቢ የሚጎትተው እሱ ነውና።

ከማን ጋር፣ መቼ?

ግላይደር የሚወድ ጓደኛ ይዘው አይሂዱ። እሱ ከእርስዎ በፊት ይማረካል፤ ከዚያ ሁለት ሰው ሆናችሁ አንዱን ስንጥቅ "ይኼማ የቀለም ነው" እየተባባላችሁ ትመለሳላችሁ። የሚያስፈልግዎ ፈቃድ ያለው መርማሪ ነው፤ የክንፍን ውበት ካደነቀ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጥያቄ ሲጠይቁት መልሱን በማንኮራፋት የሚጀምር። ለድካሙ ይክፈሉት። የሚከፍሉት ለእውቀቱ ብቻ አይደለም፤ እርስዎ "እስክርቢቶ አላችሁ?" ሲሉ ክንድዎን ይዞ ስለሚያስቀርዎትም ነው።

የጉብኝቱ ወር ፌብሩዋሪ ይሁን። በኤፕሪል ፀሐይ ስትወጣ፣ ሰማዩ ላይ ነጫጭ ደመናዎች ሲደረደሩ፣ ጀርመን ውስጥ አእምሮው የተስተካከለ የግላይደር ገዢ አይገኝም። በፌብሩዋሪ ግን አውሮፕላኑ የሚታይበት አዳራሽ ይቀዘቅዛል፤ ጣት ይደነዝዛል፤ ፍቅርም አብሮ ይበርዳል። ያን ጊዜ የሚታይዎ ጉድለት እውነተኛ ጉድለት ነው።

ወረቀቱ

ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ ሙሽራዋን ከማየቱ በፊት እስከ ሰባት ቤት ዘር እንደሚቆጥረው፣ እርስዎም ክንፉን ከመንካትዎ በፊት መዝገቡን ይቁጠሩ። ሻጩ "መጀመሪያ እንየው፣ ወረቀቱ ይደርሳል" ካለ፣ "ወረቀቱን ልየው፣ አውሮፕላኑ ይደርሳል" ይበሉት። ሰው ይረሳል፤ ሞኝና ወረቀት ግን የያዘውን አይለቅም።

በመዝገቡ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይነበባሉ፤ የበረራው ሰዓትና የተነሳበት ብዛት። 2000 ሰዓት በ700 መነሳት የበረረ አውሮፕላን ሩቅ መሄድ የሚወድ ባለቤት ነበረው። 2000 ሰዓት በ9000 መነሳት የበረረ ከሆነ የክለብ ልጅ ነው፤ ዘጠኝ ሺህ ጊዜ መሬት ላይ አርፏል፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ "አረፈ" በሚለው ቃል እንደሚገለጽ መንኮራኩሩና ከሥሩ ያለው ፋይበር ያውቃሉ። ብዙዎቹ ፋይበር ግላስ ግላይደሮች 3000 ሰዓት ሲሞላቸው ፋብሪካው ባዘዘው መሠረት ትልቅ ምርመራ አልፈው ነው የሚቀጥሉት። በ2980 ሰዓት ላይ ለሽያጭ የቀረበ ካገኙ፣ የሰውየው ወገብ ለምን ዘንድሮ እንደታመመ ይገለጽልዎታል።

"ጭራው ተሰብሮ ተጠግኗል" የሚል ገጽ አያስደንግጥዎ። ፋይበር ግላስ በሚያውቅ እጅ ከተጠገነ ጥንካሬው ይመለሳል። የሚያስደነግጠው ጥገናው በአካሉ ላይ እየታየ በመዝገቡ ላይ ሲጠፋ ነው። የአየር ብቃት ማረጋገጫው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ጊዜው ካለፈ ሻጩ "ማሳደሱ እኮ ቀላል ነው" ይልዎታል። ቀላል ከሆነ አሳድሶ ይሽጥ። ሙኒክ የሚገኘው ቶስት የተባለ ኩባንያ የሚሠራው የመጎተቻ መንጠቆም ስንት ጊዜ ከተለቀቀ በኋላ እንደሚታደስ ተወስኖለታል፤ ቀበቶዎቹም ዕድሜ አላቸው፣ ብዙ ጊዜ 12 ዓመት። ሬዲዮው ከ2018 ወዲህ በአውሮፓ የሚፈለገውን 8.33 ኪሎኸርዝ የማይቀበል ከሆነ፣ "ኦሪጅናል ነው" የሚለውን ሙገሳ ለሙዚየም ይተዉትና የአዲስ ሬዲዮ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ይቀንሱ።

ተሳቢው

ሰው አውሮፕላን ገዛሁ ይበል እንጂ የሚገዛው ተሳቢ ነው። በዓመት 80 ሰዓት የሚበርር ግላይደር የቀረውን 8680 ሰዓት የሚያሳልፈው ከመሬት ላይ፣ በአብዛኛውም ተሳቢው ውስጥ ተኝቶ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ምን ያህል ተመችቶት እንደኖረ ለማወቅ መኝታ ቤቱን ይዩ።

ክዳኑ ሲከፈት ዓይንዎን ጨፍነው አፍንጫዎን ያስገቡ። ሽታው የሻጋታ ከሆነ ውኃ ይገባል፤ ውኃ የገባበት እንጨት ይበሰብሳል፤ ፋይበር ግላሱም ቢሆን ቀለሙ ያብጣል፣ ብረታ ብረቱ ይዝጋል። ሽታው የሽንት ከሆነ አይጥ አለ። አይጥ የመቀመጫውን ስፖንጅ ትበላለች፤ በክንፉ ውስጥ ጎጆዋን ትቀልሳለች፤ ሽንቷ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ሻጩ አይጧን አያውቃትም፤ እርስዎ ግን በሚቀጥለው ዓመት ያውቋታል፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ ክፍያው የእርስዎ ነው።

ቀጥሎ ጎማዎቹ፣ ፍሬኑና መብራቶቹ ይፈተሹ። ተሳቢው ጀርመን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ የራሱን ምርመራ ማለፍ አለበት። የመንጃ ፈቃድዎንም አውጥተው ያንብቡ፤ ተራው የ"ቤ" ፈቃድ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ እንዲጎትቱ የሚፈቅደው የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ ከ3500 ኪሎ ካላለፈ ነው። በሰማይ ላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር መብረር የሚፈቀድለት ሰው በአውቶባን ላይ በ80 ሲሳብና የጭነት መኪና ሲቀድመው ትሕትና ይማራል።

አካሉ

አሁን አውሮፕላኑን ማየት ይፈቀድልዎታል።

ነጭ የሆነው ለውበት አይደለም። ፋይበሩን ያያያዘው ሙጫ ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል፤ ብዙዎቹ ግላይደሮች የተሰሉት አካላቸው ከ54 ዲግሪ እንደማይበልጥ ታስቦ ነው፤ ነጭነቱ ፀሐይን ለመመለስ ነው። "ወርቃማና ጥቁር ባስቀባውስ?" የሚል አንባቢ ካለ መኪና ይግዛ።

ነጩ ልባስ ጄልኮት ይባላል። የፀሐይ ጨረር፣ የከፍታ ብርድና ዕድሜ ተባብረው ይሰነጣጥቁታል። እጅዎን በክንፉ ላይ በአግድም ያሳልፉ፤ ከዚያ ዓይንዎን አስጠግተው የእጅ ባትሪውን በጎን ያብሩ። ፀጉር የሚያህሉ መስመሮች ጎን ለጎን ተሰልፈው ካዩ ይቁጠሯቸው፤ መቁጠር ካቃትዎ ክንፉ እንደገና መላግና መለበስ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ ሥራ በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ይወስዳል፤ በባለሙያ ሲሠራ ያረጀ ግላይደር ከሚያወጣው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። "ክረምቱን እኔው ራሴ እሠራዋለሁ" ብለው አስበው ከሆነ፣ ያ ሐሳብ የብዙ ክረምቶች አጀማመር ነው።

ቀጥሎ ሳንቲም ያውጡ። የሃምሳ ሳንቲም ዩሮ ይበቃል። በክንፉ የላይ ገጽ ላይ፣ ከሥሩ ጀምረው ወደ ጫፉ፣ በጣት ስፋት ልዩነት ቀስ እያሉ ያንኳኩ። ጤነኛ ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ንጣፉ ከውስጥ ከለቀቀ ድምፁ በድንገት ደፈን ይላል። እንደዚያ ሲሆን ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ያንኳኩ፤ ከዚያ በእርሳስ ምልክት አድርገው ዙሪያውን ይከተሉት፤ መጠኑ ይታወቃል። ሻጩ ምን እየሠሩ እንደሆነ ከጠየቀዎ "እየሰማሁት ነው" ይበሉት። መርማሪዎ ያን ጊዜ ማንኮራፋቱን ያቆማል፤ ከእሱ የሚገኘው ትልቁ ሙገሳ ይህ ነው።

ከኋላ ተንበርክከው ጭራውን እንደ ቧንቧ በአንድ ዓይን ይመልከቱ። ክንፉ መሬት ነክቶ አውሮፕላኑ የዞረበት ማረፍ ብዙ ጊዜ የሚሰብረው ቀጭኑን የጭራ ክፍል ነው። መስመሩ ወለም ካለ ወይም የቀለሙ ገጽ አንድ ቦታ ላይ ከቀረው የተለየ ብልጭታ ካለው፣ ወደ መዝገቡ ተመልሰው ያን ቀን ይፈልጉ። ቀኑ ከሌለ ወደ መኪናዎ ይመለሱ።

የኮክፒቱን ግልጽ ክዳንም ከፀሐይ አንጻር ይዩ። በውስጡ እንደ ጭጋግ የተዘረጉ ጥቃቅን ስንጥቆች ካሉ አይጠረጉም፤ አዲስ ክዳን ደግሞ በሺዎች ዩሮ ይቆጠራል።

መገጣጠሙ

ሻጩን በትሕትና ወንበር ላይ ያስቀምጡትና አውሮፕላኑን እርስዎ ራስዎ ይገጣጥሙት ዘንድ ፈቃድ ይጠይቁ። ባለቤቱ ሲገጣጥመው በአሥር ደቂቃ ያልቃል፤ የት ጋ በጉልበት እንደሚገፋ፣ የት ጋ በእግሩ እንደሚመታው ለምዶታልና። እርስዎ ሲሞክሩት ፒኖቹ በጣት ኃይል ካልገቡ፣ ወይም ገብተው ክንፉ ጫፉ ላይ ሲያዝ ሥሩ ጋ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ አውሮፕላኑ እየነገረዎት ነው።

አሁን ቀልዱን ለአንድ አንቀጽ አስቀምጠን እንናገር። በብዙ የድሮ ግላይደሮች ላይ የክንፉን መቆጣጠሪያ ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው ሎቴሊየር የሚባል የኳስና የጽዋ መጋጠሚያ ነው። ኳሱ ጽዋው ውስጥ ሳይገባ የገባ ሊመስል ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ የመቆለፊያው ማጠንከሪያ መኖሩን በጣትዎ ይንኩ፤ ከዚያ አንድ ሰው የክንፉን መሪ አጥብቆ ይያዝ፣ ሌላው ኮክፒት ውስጥ ሆኖ የመቆጣጠሪያውን ዱላ ይግፋ። ግፊቱ እጅ ላይ ካልደረሰ አልተገናኘም። ይህን ለግዢው ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በገጣጠሙ ቁጥር፣ ፀሐይም ብትጠልቅ፣ ወረፋም ቢያመልጥ፣ ያድርጉት።

መቀመጡ

ፓራሹቱን ለብሰው፣ ቀበቶውን አስረው፣ ክዳኑን ዘግተው ለግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ሻጩ ቢገረም ይገረም። እርስዎ አምስት ሰዓት የሚቀመጡበት ቦታ ነው። በአሥረኛው ደቂቃ የማይሰማ ጉልበት በሃያኛው ይናገራል።

ከፊትዎ ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ ብዙ ጊዜ አብራሪው ከነፓራሹቱ ቢያንስ 70፣ ቢበዛ 110 ኪሎ መሆን አለበት ትላለች። ወፍራሞቹ ሰሌዳዋን ይፈሯታል፤ መፍራት ያለባቸው ግን ቀጫጮቹም ናቸው። ፊት የተቀመጠው ሰው ሲቀል ሚዛኑ ወደ ጭራ ያደላል፤ ሚዛኑ ወደ ኋላ ያደላ ግላይደር ደግሞ በዝግታ ሲበርር ሊከዳና ሽክርክሪት ውስጥ ሊገባ፣ ከገባም እምቢ ሊል ይችላል። ስለዚህ 58 ኪሎ የሆነ አንባቢ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ክብደት በመቀመጫው አካባቢ ማሰር አለበት። በፆም ወራት በየሳምንቱ መመዘንን እንደ ሥርዓት ይያዙት። ጥገናና ቀለም የበዛበት ግላይደር ደግሞ እንደገና ካልተመዘነ፣ ሰሌዳዋ የምትናገረው ስለ ወጣትነቱ ነው፤ የመጨረሻው ሚዛን መቼ እንደሆነ ይጠይቁ።

ዋጋውና ፊርማው

ምርመራው ሲያልቅ ማስታወሻዎ ላይ የጉድለት ዝርዝር ይኖራል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ አይደሰቱ፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት በርሮ ምንም የሌለበት ግላይደር የለም፤ በደንብ ያልታየ ግላይደር ግን ሞልቷል። ከሻይ በኋላ እንደገና ይጀምሩ። ዝርዝሩ ላይ ሰባት ነገር ካለና ለእያንዳንዱ መርማሪዎ ዋጋ ሊነግርዎ ከቻለ፣ የሚገዙት ዕቃ ይህ ነው። ጉድለት ያለበትን አይሽሹ፤ ዋጋው የማይታወቅ ጉድለት ያለበትን ይሽሹ። "የሆነ ነገር ይሸተኛል፣ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም" ካለ መርማሪዎ፣ ሻጩ ግማሹን ዋጋ ቢቀንስም እንኳ ያ ግማሽ ለምን እንደተቀነሰ የሚያስረዳዎ ሰው የለም።

በክርክሩ ጊዜ "ሞተር እንኳ የለውም" የሚለውን መከራከሪያ አይጠቀሙ። ሻጩ ከእርስዎ በፊት ሰምቶታል። ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ዝም ይበሉ፤ ሰውየው ሐቀኛ ከሆነ እርስዎ ያላዩትን ስምንተኛውን ራሱ ይጨምርበታል፤ ያን ጊዜ እጁን ጨብጠው ይግዙት። ካልጨመረም ሰባቱ በቂ ናቸው፤ ከዋጋው ላይ ይቀንሱ።

ሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ ሳይገባ አይበርም፤ ስለዚህ ከገንዘቡ በፊት ኢንሹራንሱን ይጨርሱ። ከዚያ የግዢ ውሉን፣ መዝገቡን፣ የብቃት ማረጋገጫውን፣ የተሳቢውን ሰነድና ቁልፎቹን በአንድ ፖስታ ይቀበሉና አንድ በአንድ ይቁጠሩ። በተለይ የተሳቢውን። የአየሩ ሰነድ ሙሉ ሆኖ የተሳቢው ምርመራ ያለፈበት ገዢ አዲሱን አውሮፕላኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሳየው ለአውቶባን ፖሊስ ነው፤ ፖሊሱም ተሳቢውን በባትሪ ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ሞተሩን ማንም እንዳልወሰደው በጀርመንኛ እንዴት እንደሚባል ከወዲሁ ይለማመዱ።